የስታዲየምና የካዛንቺስ ዜና መዋዕል

በአንድ አምላክ ስም እንጀምራለን። ከቤተ መንግሥቱ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ጎተራ ስለሚወርደው ስለ ቂርቆስ አገር፥ ስለ ወሰኑና ስለ ሹማምንቱ፥ ስለሚጎበኙትም ስፍራዎቹ፥ ከሁሉም አብልጦ በመካከሉ ስለተዘረጋው ስለ ስታዲየም ሜዳ የተጻፈ ዜና ይህ ነው። እንድጽፍ ያዘዙኝ ከስታዲየሙ ፎቅ ሥር የመለያና የኳስ ሱቅ ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ወረቀቱንም፥ ቀለሙንም፥ በየማለዳው ማኪያቶውንም የቻሉ እርሳቸው ስለሆኑ፥ አንባቢ ሆይ፥ ለሜዳው ሳደላ ብታገኘኝ አትደነቅ። የነገሥታቱ ጸሐፊዎችም የበሉት ከጌቶቻቸው ማዕድ ነበር፤ የበሉበትን ወጪት የሰበሩት ጥቂቶች ናቸው፥ የእነርሱም መጽሐፍ ብዙ አልተረፈም።

የአገሩ አቀማመጥ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት፤ ቂርቆስም የቁልቁለቱን ወገብ ይዞ ተቀምጧል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስፋቱ ግን 15 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሰሜን አራዳ፥ በሰሜን ምሥራቅ የካ፥ በምሥራቅ ቦሌ፥ በደቡብ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በምዕራብ ልደታ ያዋስኑታል። እግሩ የበረታ ሰው ከዑራኤል ተነሥቶ በካዛንቺስ፥ በመስቀል አደባባይ፥ በስታዲየምና በለገሀር አድርጎ ሜክሲኮ አደባባይ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍበትም። ባንትይቀጡ የሚባለው ወንዝ በፍል ውሃ አጠገብ ይወርዳል፤ በክረምት ይቆጣል፥ በበጋ ይለዝባል። ስለ ጠረኑ ጻፍ አልተባልሁም።

ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውሃ ውስጥ ተጥሎ ቅዱስ ገብርኤል ያዳነው ነው፤ የዚህም መታሰቢያ ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። የሰማዕትነቱ በዓል ደግሞ ጥር 15 ቀን ይውላል። እነዚህን ሁለት ቀኖች አንባቢ በልቡ ይያዛቸው፤ ወደ ፊት ያገኛቸዋልና።

ስለ አመሠራረቱ እንናገር። በ1879 ዓ.ም.፥ በዘመነ ሉቃስ፥ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወረዱ፤ ስፍራውን ወደዱት፥ ቤትም አሠሩበት፥ አዲስ አበባም ብለው ሰየሙት። ስለዚህ የከተማዪቱ እናት አራዳ ናት የሚሉ ሰዎች ቢከራከሩም፥ አስቀድሞ የነበረው ውሃው ነው፤ ውሃውም የሚፈልቀው ከሜዳችን ብዙ ሳይርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ለ30 ዓመት ስለዚህ ወገን የምንጽፈው ጥቂት ነው።

በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ 784 ኪሎ ሜትር አቋርጦ፥ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው። ለገሀር የተባለው የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳውም፥ ዕቃውም፥ የውጭ አገሩ ወሬም በለገሀር የሚገባ ሆነ፤ የከተማው ልብ ከጊዮርጊስ ዳገት ወደ ታች መሳብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ጣልያን በመጣ ጊዜ አንበሳውን ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርአይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. በሮም አደባባይ ሰይፍ የመዘዘው በዚሁ አንበሳ ፊት እንደሆነ ይነገራል። ጠላት ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከቤተ መንግሥቱ በስተደቡብ ምሥራቅ ቤት ሠራ፤ ያሠራውም ድርጅት ስም በአዲስ አበባ ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ አንበሳችንን ይዞ ሰፈሩን ትቶልን ሄደ፤ እንዲህ ያለ ገበያ የትም አይታይም። አንበሳው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ በለገሀር በቀድሞ ስፍራው ቆሟል፤ እግዚአብሔር የተማረከውን ይመልሳል።

በ1948 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከስታዲየሙ በላይ ተሠራ። በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በከተማው ሁከት ሆነ፥ ጸጥም አለ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ሕንፃውን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ በመግቢያው ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ በመስታወቱ ስታልፍ ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን ከወለሉ ላይ ሲፈስ ላየ ሰው፥ ስለ አፍሪካ ነጻነት የተነገረው ንግግር ሁሉ ይበዛበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ።

በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድነት የሚሰለፍበት ቡድን አላመጣም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ስለሆነው የግብፅ ሰዎች በሰፊው ጽፈዋል።

በዚያ ወራት የኢትዮጵያን እግር ኳስ የሚመራ ይድነቃቸው ተሰማ የሚባል ሰው ነበረ። በጅማ የተወለደ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ የተጫወተ፥ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞት በፕሬዚዳንትነት የመራ ነው። አንደበቱ የተባ፥ ለዘር አድልዎ የማይንበረከክ ሰው ነበር፤ ደቡብ አፍሪካን ከአፍሪካ ኳስ ደጅ ካቆሙት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በ1954 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ቡድኑን ያሠለጠነው እርሱ ነው።

ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነበረ። አራት አገሮች መጡ፤ ኢትዮጵያ፥ ቱኒዚያ፥ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ጥር 6 ቀን፥ በዕለተ እሑድ፥ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 10 ቀን፥ በከተራው ዕለት፥ ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ 1 ረታች። ጥር 11 ቀን ጥምቀት ሆነ። ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ሆነ፤ በዚያው ቀን ቱኒዚያ ኡጋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛ ወጣች። ጥር 13 ቀን እሑድ ነበረ። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በማግሥቱ፥ የበዓል ቀሚስና ነጠላ ገና ሳይታጠብ፥ ሕዝቡ ከየሰፈሩ ወደ ስታዲየም ወረደ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በክብር ስፍራቸው ተቀመጡ።

ግብፆች ሁለት ጊዜ ዋንጫውን ወስደው ነበርና ልባቸው አልፈራም። ባዳዊ የሚባለው ተጫዋቻቸው ከዕረፍት በፊት አገባ። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ደቂቃ አለፈ፤ ኢትዮጵያም አስተካከለች፥ ሜዳውም በእልልታ ተናወጠ። ነገር ግን እልልታው ገና ሳይበርድ ያው ባዳዊ ደግሞ አገባ። በሁለቱ ግቦች መካከል ብዙ ጊዜ አልነበረም፤ ሕዝቡ ቁጭ ለማለት እንኳ አልደረሰም ነበር። ከዚህ በኋላ ስለሆነው የቆዩ ሰዎች ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባ፤ 2 ለ 2 ሆነ። ወደ ተጨማሪው ሰዓት በገቡ ጊዜ የግብፆች እግር ከበደ፤ የሰሜን ቆላ ሰው የአዲስ አበባን ከፍታ ሲሮጥበት ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ጋሼ ግን ይህን አትጻፍ ብለውኛል፥ ድሉ የእግር እንጂ የዳገት አይደለምና። የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። በመጨረሻም መንግሥቱ ወርቁ፥ የጎንደር ልጅ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰው፥ አራተኛውን ጨመረ። ኢትዮጵያ 4፥ ግብፅ 2።

ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ለሉቻኖ ሰጡት። ሉቻኖ በአስመራ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበረ። አባቶቹ በወረራ በያዙት ከተማ፥ ቤት ሠርተው በሄዱበት ሰፈር አጠገብ፥ ልጁ የኢትዮጵያን ዋንጫ በንጉሡ ፊት አነሣ። ስለዚህ ነገር ትርጓሜ አልጨምርም። ከዓመታት በኋላ በደርግ ዘመን ሉቻኖ ከአገር ወጣ፤ ኑሮውንም በሮም አጠገብ አደረገ፥ በ2015 ዓ.ም. ዐረፈ። አገር ውለታን ስትረሳ ጸሐፊ ሊያስታውስላት ይገባል። ከድሉ በኋላ በሁለተኛው ቀን፥ ጥር 15፥ የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ዋለ። ጋሼ እንደሚሉት ያን ዓመት ታቦቱ የወጣው ለሁለት ምስጋና ነው።

ዋንጫው በተነሣ በ16ኛው ወር፥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፥ በዘመነ ሉቃስ፥ ከ30 በላይ የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቃል ኪዳን ፈረሙ። ታላላቅ መጻሕፍት ስለዚህ ስብሰባ ስለጻፉ እኔ አላበዛም። ከዚያ ወዲህም በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሁለት ጊዜ ወደዚህ ሜዳ መጥቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ እንግዳ መቀበል ታላቅ በጎነት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን መኪና ወጡ፤ መንገዱም አጭር ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ የመኖሪያ ቤት በላይ አይፈቀድም ተባለ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየውን ቤት ቀበሌ፥ ከዚያ በላይ ያለውን የኪራይ ቤቶች ድርጅት ያዘው፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ያ ቀን ቂርቆስና እናቱ ከፈላ ውሃ የወጡበት የገብርኤል ቀን ነው። በጭቃ ቤት የተከራየው ድኻ ወጣሁ አለ፤ በካዛንቺስ ብዙ ቤት የነበረው ሰው ገባሁ አለ። ሁለቱም በዚያ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።

ስለ አስተዳደሩ በአንድነት እናውራ፤ ነገሩ አሰልቺ ነውና ቶሎ እንለፈው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና በ284 ቀበሌ ተከፈለች። ቀበሌው ስኳሩንም፥ ዘይቱንም፥ መታወቂያውንም፥ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚመሰክረውን ማኅተምም የሚሰጥ ሆነ። ስለ ቀይ ሽብር ከመስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የሰማዕታት ቤተ መዘክር ይናገራል፤ እኔ የሱቅ ጸሐፊ ነኝ፥ ነፍስ ይማር ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ ዘመን በኋላ ዞንና ወረዳ መጡ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ዐሥር ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፥ ቂርቆስም አንዱ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ተጨምሮ ዐሥራ አንድ ሆኑ። ሹሙ ተለወጠ፥ የጽሕፈት ቤቱ ስም ተለወጠ፥ ማኅተሙም ክብ ሆኖ ቀረ። ከዚህም የተነሣ የአንድ ሰው አድራሻ በዕድሜው አራት ጊዜ ሲለወጥ ሰውየው ከበሩ አልተነቃነቀም ነበር።

የጸናው ግዛት የሜዳው ነው። ስታዲየሙ የራሱ አውራጃዎች አሉት፤ ስማቸውንም አዋጅ አላወጣውም፥ ሕዝብ እንጂ። ጥላ ፎቅ ፀሐይና ዝናብ የማይነካው የባለ ጊዜ ወገን ነው። ከማን አንሼ ስሙ እንደሚነግር ከማንም አላንስም የሚል ሰው ይቀመጥበታል። ዳፍ ትራክ የጨዋና የአስተያየት ሰጪ አገር ነው፤ በዚያ የተቀመጠ ሰው አሠልጣኙን ከዕረፍት በፊት ያባርራል። ሚስማር ተራና ካታንጋ የድኻውና የዘፋኙ ወገን ናቸው። በካታንጋ ትኬቱ ርካሽ ነው፥ ድምፁ ግን ውድ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና የተገናኙ ዕለት ከካታንጋ የተነሣው ዜማ ለገሀር ላይ ይሰማ ነበር። ቆሎ አዟሪው ቅርጫቱን በራሱ ላይ አድርጎ በሰው ትከሻ መካከል ያልፋል፤ ሳንቲሙ ከታች፥ ቆሎው ከላይ፥ በዐሥር ሰው እጅ ይተላለፋል፥ አንድ ፍሬ ሳይጎድል ይደርሳል። እንደዚህ የታመነ ግብር ሰብሳቢ በየትኛው መንግሥት ተገኘ?

በዚህ ሜዳ ሌላም ደስታ ሆኗል። በ1980 ዓ.ም. በታኅሣሥ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በፍጹም ቅጣት ምት ዚምባብዌን ረትቶ ለእኛ ቀረ፤ በ1997 ዓ.ም. ብሩንዲን 3 ለ 0 አሸንፈን ደገምነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በሰውነት ቢሻው ዘመን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን፥ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የሚወስደን በር ተከፈተ፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ። ያን ሌሊት ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ያልጮኸ መኪና አልነበረም።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ የሚጎበኘውን ደግሞ በአጭሩ እንናገር። መስከረም 16 ቀን ደመራው በመስቀል አደባባይ ይለኮሳል፤ በዓሉን የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. መዝግቦታል። አደባባዩ ራሱ በደርግ ዘመን የአብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር፤ ስሙ ተመለሰለት፥ በ2013 ዓ.ም. እንደ አዲስ ተሠርቶ ከሥሩ መኪና ማቆሚያ ተቆፈረለት። በኅዳር ታላቁ ሩጫ ከዚያ ይነሣል። ከአደባባዩ አጠገብ የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ቤተ መዘክር ሆኗል፤ በረንዳው ላይ ቆሞ ከተማዪቱን ማየት ከውስጡ ዕቃ ይበልጣል፥ ይህ የእኔ ፍርድ ነው። ከመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር በስታዲየም ያልፋል፤ ሁለቱም መስመሮች በሜዳችን ደጅ ይገናኛሉ፥ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን መጥተው የታደሰውን የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ጎበኙ፤ ለእድሳቱ ፈረንሳዮች ረድተዋል። በዚያው ዓመት በጥቅምት የአፍሪካ አዳራሽም ታድሶ ተከፈተ።

በዚያው ዓመት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ ካዛንቺስ ሰፋ፤ ሕዝቡም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ሄደ። መንገዱ ያማረ ነው፥ መብራቱም የበዛ ነው። እስክስታ ይመታባት የነበረችው ፈንዲቃ የተባለች አዝማሪ ቤት ከፈረሱት ጋር ተቆጠረች። ጋሼ ስለዚህ አልጠየቁኝም፤ እኔም የጻፍሁት ይኸው ነው። ዕድር ግን ሰፈር ሲበተን አብሮ አይጫንም፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ይጫናሉ፥ የሚቀብረው ሰው ግን በየአቅጣጫው ነው። ይህን የሚያነብ ያስተውል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እርሱንም ጋሼ በግድ ፈቀዱልኝ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአገራችን ሜዳዎች የሚጠይቀውን መስፈርት አላሟሉም ስላለ፥ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ቆየ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። በመዝገቡ ባለሜዳ ተብሎ የተጻፈው ኢትዮጵያ ነው። የተጫወቱት ግን በማላዊ፥ በሊሎንግዌ ከተማ ነው፤ ከካታንጋ አንድ ሰው በዚያ አልነበረም። ሹማምንት ሆይ፥ ሣሩን አብቅሉ፥ ወንበሩን አሟሉ፥ መብራቱን አቁሙ፤ ግብፅን በቤታችን እንድናያት በሩን ክፈቱልን።